የአጎቴ ትከሻ የት ገባ? ሞካፕንና የስልክ ቪዲዮን ያጋባሁበት መንገድ

ደሴ ነው የምኖረው። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ነው። ጥር ላይ እንቅልፍ የለም። ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ሲገቡ ደግሞ ካሜራው ከነቦርሳው ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። አምና በዚያ ሰሞን አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ሐይቅ ዳር፣ እውነተኛው ሣር ላይ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ እስክስታ ሲወርድ ማሳየት። የቪዲዮዋ ርዝመት 20 ሴኮንድ። ለጓደኛዬ "ሁለት ሳምንት ቢፈጅብኝ ነው" አልኩት። አራት ወር ፈጀ።

ሥራው ሁለት ነገር ማጋባት ነው። አንዱ ሞሽን ካፕቸር ነው፤ ባጭሩ ሞካፕ። የሰው እንቅስቃሴ ተቀርጾ ፋይል ላይ በቁጥር የሚጻፍበት ዘዴ ማለት ነው። ሌላው በስልክ የቀረጽኩት የሐይቅ ዳር ቪዲዮ ነው። ሁለቱን ያገናኘሁት ብሌንደር በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ነው። ነፃ ነው፣ ትራኪንጉም (ቪዲዮው ላይ ነጥብ መከተል)፣ አኒሜሽኑም፣ ሬንደሩም (የመጨረሻውን ምስል ማውጣት) እዚያው አንድ ቤት ውስጥ አለ። ላፕቶፔ ባለ 8 ጊጋ ራም ነው፤ ስለዚህ "ኮምፒውተሬ አይችልም" የሚል ሰው ካለ፣ ይችላል፤ ያለቃቅሳል እንጂ ይችላል።

መጀመሪያ ቪዲዮውን ልቀርጽ ወደ ሐይቅ ወረድኩ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ደረስኩ፣ ትራይፖዴን ተከልኩ፣ ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጌ አዞርኩት። ውሃው፣ ከውሃው ወዲያ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች፣ የጠዋት ብርሃን። ለሠርግ ቢሆን ሙሽሮቹ ይመርቁኝ ነበር። ለዚህ ሥራ ግን ውዳቂ ሆነ።

ለምን መሰላችሁ? ብሌንደር ካሜራው የት እንደነበረ የሚያሰላው ቅርብ ያለው ነገር ከሩቁ በላይ ሲንቀሳቀስ አይቶ ነው። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣችሁ አጥሩ ሽው እያለ ሲያልፍ፣ ጦሳ ተራራ ግን አብሯችሁ የሚሄድ ይመስል የለ? ስሌቱ የሚሠራው ከዚያ ልዩነት ነው። ካሜራው አንድ ቦታ ቆሞ አንገቱን ብቻ ሲያዞር ልዩነት የሚባል ነገር የለም። ብሌንደር እንዲህ ላለው ቀረጻ "ትራይፖድ" የሚል ምርጫ አለው። እሱ ግን የካሜራውን መዞር ብቻ ነው የሚያወጣው፤ መሬቱ የት እንዳለ አይነግራችሁም። እኔ ደግሞ መሬት የሚረግጥ ሰው ነው ላስቀምጥ የፈለግኩት። ስለዚህ ስልኩን በእጅ ይዞ ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን መራመድ ያስፈልጋል።

ይህን ተምሬ እየተራመድኩ የቀረጽኩት ሁለተኛው ቪዲዮም አልሠራም። ማርከር የሚባሉ ነጥቦች አሉ፤ "ይህችን ድንጋይ ተከተል፣ ያችን እንጨት ተከተል" ብላችሁ ለብሌንደር የምትመርጡለት። እኔ ከመረጥኳቸው ግማሹ ውሃው ላይ የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ነበሩ። የቀሩት ደግሞ ነፋስ የሚያወዛውዘው ሣር ላይ። የውሃ ብልጭታ ቦታ የለውም፤ አብሯችሁ ይሄዳል። ስሌቱ ሲያልቅ የስህተቱ መጠን 3.8 ፒክስል ወጣ። ከ1 በታች ካልሆነ የምታስቀምጡት ሰው መሬት ላይ አይቆምም፤ ጀልባ ላይ እንዳለ ይንሳፈፋል።

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ቆርኪ ይዤ ሄድኩ። ሰፈሬ ካለው ግሮሰሪ ለምኜ ያመጣኋቸው 30 ቆርኪዎች። ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጌ ሣሩ ላይ በተንኳቸው፤ አራቱን ደግሞ በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካሁ 1 ሜትር በ1 ሜትር አራት ማዕዘን አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ይህ አራት ማዕዘን በኋላ ወርቅ ሆነልኝ። "ከዚህ ቆርኪ እስከዚያ ቆርኪ 1 ሜትር ነው፤ ሦስቱ ደግሞ ወለሉ ላይ ናቸው" ብዬ ለብሌንደር ስነግረው መሬቱም መጠኑም በአንድ ጊዜ ተስተካከለ። አለበለዚያ ሽማግሌው ወይ ግዙፍ ወይ ጣት የሚያክል ሆኖ ነው የሚመጣው።

ችግሩ ልጆች ናቸው። ቀረጻው መሃል ላይ አንዱ ሦስት ቆርኪ አፍሶ ሮጠ። ሁለተኛው ተከተለው። ተናድጄ ከመጮህ ይልቅ ሁሉንም ሰብስቤ የቆርኪ ዘበኛ አድርጌ ሾምኳቸው። ከዚያ በኋላ በግ እንኳ አላስጠጉም። (ስጨርስ ቆርኪዎቹን ለቅሜ ተመልሻለሁ። እናንተም ልቀሙ።)

ስልኩን በተመለከተ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ምስል ማረጋጊያውን፣ ስታቢላይዜሽን የሚባለውን፣ አጥፉት። ምስሉን እያጠበበና እያጠማዘዘ ስለሚያረጋጋ ሌንሱ በየፍሬሙ፣ ማለትም ቪዲዮው በተሠራበት በእያንዳንዱ ምስል፣ የተለወጠ ያስመስለዋል። ፎከሱን ቆልፉት። ዙም አትንኩ። የሌንሱን ቁጥር ደግሞ ብሌንደር ይጠይቃችኋል። የስልኩ መግለጫ "26 ሚሊሜትር አቻ" የሚል ከሆነ፣ የሴንሰሩን ስፋት 36፣ የሌንሱን ርዝመት 26 ብላችሁ አስገቡ። ቪዲዮ ሲቀረጽ ምስሉ ትንሽ ስለሚቆረጥ ቁጥሩ በትክክል አይገጥምም፤ "ሪፋይን" የሚለውን ስትመርጡለት ራሱ ያስተካክለዋል። ቢያንስ 8 ነጥቦች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይጠፉ መታየት አለባቸው። እኔ 22 ነበሩኝ። የሚያስቸግሩትን አንድ በአንድ ሳስወጣ ስህተቱ 0.6 ላይ ወረደ። ያን ማታ ሦስት አቦል ጠጣሁ፤ እንቅልፍ ግን በጄ አላለም።

አሁን ወደ ሞካፑ እንምጣ። እስክስታውን የሚወርድልኝ አጎቴ ነው። ሰፈር ውስጥ ሠርግ ካለ እሱ ሳይነሳ ክቡ አይሞቅም። በጾሙ ስጠይቀው "በጾም ትከሻ ይመታል እንዴ? አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም?" ብሎ መለሰኝ። ጾሙ እስኪወጣ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ በነፃ በሚገኝ ፋይል ተለማመድኩ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሞካፕ ስብስብ አለ፤ ከ2,000 በላይ ቅጂዎች አሉበት፣ በነፃ ይወርዳል። መራመድ፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ ምን የሌለ አለ። ለእኔ የሚሆን የትከሻ ጭፈራ ግን አላገኘሁበትም።

አንድ የመራመድ ፋይል አውርጄ አስገባሁ። ሰውየው ማር ውስጥ እንደገባ ዝንብ ነው የሚራመደው። አንድ እርምጃ እስኪጨርስ ቡና ይፈላል። ሁለት ቀን ሙሉ ላፕቶፔን ስረግም ከረምኩ። በኋላ ፋይሉን በኖትፓድ ከፈትኩት። ቢቪኤች የሚባለው የሞካፕ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። ላይኛው ክፍል የአጥንቶቹን ዝምድና ይዘረዝራል፤ ወገብ፣ ከወገብ ጭን፣ ከጭን ጉልበት እያለ። ከዚያ በታች ቁጥር ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፍሬም አንድ መስመር። መሃላቸው ላይ "ፍሬም ታይም" የምትል መስመር ትገኛለች። የእኔው ላይ 0.0083333 ይላል። ይህ ማለት በሴኮንድ 120 ፍሬም ነው። የእኔ ቪዲዮ ደግሞ በሴኮንድ 30። ብሌንደር አንዱን መስመር ለአንዱ ፍሬም ሰጥቶ አራት እጥፍ አዘገየው። ስታስገቡት ከጎን "ስኬል ኤፍፒኤስ" የምትል ሳጥን አለች፤ እሷን መጫን ብቻ ነበር። "አፕዴት ሲን ኤፍፒኤስ" የሚለውን ግን እንዳትነኩ፤ ቪዲዮውን ትቶ ሁሉን ነገር በሞካፑ ፍጥነት ያደርገዋል።

የስልክ ቪዲዮም ያታልላል። "30" ይላል እንጂ ሁልጊዜ 30 አይደለም። ብርሃን ሲቀንስ ወይም ስልኩ ሲግል ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ላይ የገጠመው እግር ወደ መጨረሻው ከከበሮው ኋላ መቅረት ሲጀምር ነው የሚታወቃችሁ። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም 30 ብላችሁ፣ "ኮንስታንት ፍሬምሬት" መርጣችሁ ቀይሩት። እኔ ከዚያ አልፌ እያንዳንዱን ፍሬም ምስል አድርጌ አወጣዋለሁ። ቦታ ይበላል፤ ግን 412ኛው ፍሬም ሁልጊዜ 412ኛው ነው፤ አያወላውልም።

ጾሙ ወጣ። አጎቴ ግቢ ሲሚንቶው ላይ ቀረጽን። እትዬ፣ ሚስቱ፣ አጨበጨበች፤ ከበሮው ከስልክ ነው። ከአንድ ካሜራ ቪዲዮ ሞካፕ የሚያወጡ የኢንተርኔት አገልግሎቶች አሉ፤ በአንዱ ላይ ጫንኩት። ስሙን አልጠራም። ዳታዬን ሁለት ጊዜ ጨርሶ፣ መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ፣ በማግስቱ ፋይሉ ደረሰልኝ።

ፋይሉን ከፈትኩት። እግሩ አለ። ወገቡ አለ። እጁ ወገቡ ላይ እንዳለ አለ። ትከሻው ግን በድን ነው። አጎቴን ጠርቼ አሳየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠና "ይኼ ሰውዬ አውቶቡስ የሚጠብቅ ነው። የኔን ትከሻ የት አደረስከው?" አለኝ።

እኔም ጠፋኝ። ኖትፓዱን መልሼ ከፈትኩ። የትከሻ አጥንት ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ቁጥሮቹን ፈልጌ በጣቴ ተከትዬ ወረድኩ። 0.000000፣ 0.000000፣ 0.000000። መስመር በመስመር ዜሮ። 20 ሴኮንድ ሙሉ እንደ ወንፊት የተርገፈገፈ ትከሻ፣ ፋይሉ ላይ ዜሮ ብቻ ሆኖ ተጽፏል።

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች ከምስሉ የሚያወጡት የመገጣጠሚያ ነጥብ ነው፤ ክርን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት። ትከሻ ላይ የሚያስቀምጡት ክንዱ የሚጀምርበትን አንድ ነጥብ ነው። ከአንገት እስከዚያ ነጥብ ያለችውን አጥንት ብዙዎቹ እንደ ደረቅ እንጨት ነው የሚቆጥሯት። ሲብስ ደግሞ ማለስለሻ አላቸው። ትንሽና ፈጣን እንቅስቃሴ ሁሉ የካሜራ ንዝረት ይመስላቸውና ያጠፉታል። ለፕሮግራሙ እስክስታ ማለት መታረም ያለበት ስህተት ነው! በዚያ ላይ አጎቴ ጋቢ ለብሶ ነበር። ከጋቢ ሥር ያለ ትከሻ እንኳን ኮምፒውተር አማትም አታየው።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። እግር፣ ወገብና እጅ ከሞካፑ። ትከሻና አንገት ከቪዲዮ።

አጎቴን እንደገና ለመንኩት። "ጋሼ፣ ጋቢውን ይተዉትና በሸሚዝ ይውረዱልኝ" አልኩት። ጥቁር ሸሚዝ አለበስኩትና ከፋርማሲ የገዛሁትን ነጭ ፕላስተር ቆርጬ ሁለት ትከሻው ላይ፣ አንድ ደረቱ መሃል ላይ ለጠፍኩ። "ቁስለኛ አስመሰልከኝ" እያለ ሳቀ። በሁለት ስልክ ቀረጽኩት። አንዱ ሙሉ ቁመናውን ለሞካፑ፤ ሌላው ከፊት ለፊት ደረቱን ብቻ፣ ቀረብ ብሎ። ለቅርቡ ስልኩን "ፕሮ" በሚለው ክፍል አድርጌ ሸተሩን፣ እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/250 ሴኮንድ ላይ ቆለፍኩት። በአውቶ ስቀርጽ ትከሻው ጭጋግ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ፕላስተሩ ነጠብጣብ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ጭረት ይሆናል። 1/250 ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ ፀሐይ ላይ ውጡ።

ሁለቱን ቪዲዮዎች ያስማማሁት በእትዬ ጭብጨባ ነው። የፊልም ሰዎች እንጨት ያጋጫሉ፤ እኛ ጭብጨባችን ከጭፈራው ጋር ይመጣል። የመጀመሪያዋ ጭብጨባ በሁለቱም ስልክ ድምፅ ላይ ስለታም ሆና ትታያለች። ያችን ፍሬም 1 አልኳት።

ከዚያ ብሌንደር ላይ ሦስቱን ፕላስተሮች ትራክ አደረግኩ። "ሊንክ ኤምፕቲ ቱ ትራክ" የሚል ትእዛዝ አለ፤ ባዶ ምልክት ይፈጥርና ከፕላስተሩ ጋር ያያይዘዋል። ሁለቱ ምልክቶች ከደረቱ ምልክት አንጻር ከፍ ዝቅ ሲሉ አየሁ። ፍሬም በፍሬም እየሄድኩ ትከሻው ጫፍ የደረሰበትንና ታች የነካበትን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፍኩ። ቀኝ፦ 14 ላይ፣ 18 ታች፣ 22 ላይ። አንዱ ከፍታና ዝቅታ 8 ፍሬም ገደማ ነው። ግራው ግን አንድ ፍሬም ዘግይቶ ነው የሚነሳው! ይህን በዓይኔ 30 ዓመት አይቼው አላውቅም። የአጎቴ እስክስታ እንደ ውሃ የሚፈስ የሚመስለው ለካ በዚህች አንድ ፍሬም ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ትከሻ እኩል ሳስነሳቸው ሽማግሌው "አላውቅም" የሚል ሰው መስሎ ነበር።

ይህን የትከሻ እንቅስቃሴ ሞካፑ ላይ በቀጥታ አትጻፉበት። ኤንኤልኤ የሚባለው ክፍል ውስጥ ሞካፑን ከታች አስቀምጡት፤ ትከሻውን ከላይ ሌላ ድርብ አድርጉና አደራረቡን "ኮምባይን" በሉት። እንደ ነጠላ በላዩ ላይ ይለበሳል። ካላማራችሁ የላዩን ብቻ ታወልቃላችሁ፤ ከሥር ያለው አይነካም። እኔ አራት ጊዜ አውልቄዋለሁ። የሞካፑን መንቀጥቀጥ ስታለሰልሱም የወገቡንና የእግሩን ብቻ አለስልሱ። አንዴ ሁሉንም መርጬ አለስልሼ የአንድ ሳምንት ሥራዬን አውቶቡስ ወደሚጠብቀው ሰውዬ መልሼዋለሁ።

ሞካፑን ወደ ሽማግሌው ገጸ ባሕርይ ማዛወሩ፣ ሪታርጌት የሚባለው፣ የሮኮኮ ነፃ አድኦን (ብሌንደር ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) ስላለ ብዙ አላስቸገረኝም። ሁለቱም አጽሞች እጃቸውን እኩል ዘርግተው ካልጀመሩ ግን ክንድ ጀርባ ላይ ይዞራል። ጋቢው ደግሞ የራሱ ታሪክ ነው። የጨርቅ ስሌቱን ሳስጀምረው ላፕቶፑ ጉሮሮው ተዘግቶ ቆመ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያለ ሳይሆን የተቆለፈ አድርጌ፣ ጫፎቹ ብቻ እንዲወዛወዙ ፈቀድኩ።

እግሩ ይንሸራተት ነበር። ይህ ለማንም አይቀርም። ሞካፑ የተቀረጸው ሲሚንቶ ላይ ነው፤ ሐይቅ ዳሩ ደግሞ ወደ ውሃው ያዘቀዝቃል። አንዱ እግር አየር ላይ፣ አንዱ አፈር ውስጥ። እግሩ መሬት በረገጠበት ፍሬም ሁሉ ቦታውን በአይኬ (እግሩን አንድ ቦታ አስሮ ጉልበቱን ራሱ በሚያጥፈው ዘዴ) ቆለፍኩት፤ ሲያነሳ ለቀቅኩት። ለቀረው አጭበረበርኩ። ከቪዲዮው ላይ ትንሽ ሣር በማስክ ቆርጬ ከእግሩ ፊት መለስኩት። ጫማው ሣር ውስጥ ሲገባ መንሸራተቱን ማንም አያየውም። ነውር የለውም፤ ሁሉም ሰው ያደርገዋል።

ጥላውን በተመለከተ፣ ሐይቅ ስቀርጽ የአጎቴን ከዘራ ይዤ ሄጄ ነበር። ሣሩ ላይ ተክዬ ከነጥላው ቀረጽኩት። ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ብሌንደር ላይ እዚያው ቦታ ያንኑ የሚያህል እንጨት አቁሜ፣ የሁለቱ ጥላ እስኪገጥም ፀሐዩን አዞርኩ። ከዚያ መሬቱን ሳይክልስ በሚባለው የብሌንደር ሬንደር ማውጫ ላይ "ሻዶ ካቸር" አደረግኩት፤ ራሱ አይታይም፣ የወደቀበትን ጥላ ብቻ ይይዛል።

ሬንደሩን በቀጥታ ቪዲዮ አድርጋችሁ አታውጡ። በፒኤንጂ ምስል አውጡ። መብራት 370ኛው ፍሬም ካለቀ በኋላ ቢሄድ ከ371 ትቀጥላላችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ሌሊት በቪዲዮ አስጀምሬ ተኝቼ፣ ጠዋት የማይከፈት ፋይል ነው ያገኘሁት። 600 ፍሬሙ ባጠቃላይ አምስት ሌሊት ወሰደ።

ሲያልቅ አጎቴ ቤት ይዤ ሄድኩ። እትዬ ቡና እያፈላች ነበር። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አየው። የራሱ ትከሻ ሳያውቀው መንቀሳቀስ ጀመረ። "አዎ፣ ይኼ እኔ ነኝ" አለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሦስተኛ ጊዜ ከፍቶ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለና ጣቱን ውሃው ላይ አሳረፈ።

"ዛፉ ውሃው ላይ ይታያል። ድንጋዩም ይታያል። እኔስ? ጥላ ቢስ አደረግከኝ እኮ።"

እውነቱን ነው። ውሃው ላይ ነፀብራቁን ረስቼዋለሁ። ዛሬ ማታ ውሃው በሚጀምርበት ቦታ ጠፍጣፋ መስታወት አስቀምጬ፣ የሽማግሌውን ምስል ብቻ እንዲያንጸባርቅ አድርጌ፣ ትንሽ ሞገድ እየሰጠሁት ነው። ከተሳካልኝ ደግሞ አምስት ሌሊት ሬንደር አለብኝ፤ መብራቱ ካልሄደ።